ጠላቱን በመዳፍህ ሸፍነውና ተጫወት

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም። ለስልክ የሚሆን ጌም ብቻዬን እየሠራሁ ነው። ሐሳቡ 2048ን (እኩል ቁጥሮችን እየገፉ የማዋሃድ ጌሙን) ከአርፒጂ (ጀግና እያሳደጉ ከሚዋጉበት ጌም) ውጊያ ጋር ማዋሃድ ነው። ከላይ ጀግናውና ጠላቱ ይታያሉ፣ ከታች 4 በ4 ሰሌዳ አለ። ሁለት ቁጥሮች ሲዋሃዱ ጀግናው ይመታል፤ የምቱ መጠን አዲሱ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ግን ያስሞከርኳቸው ጓደኞቼ ከአምስተኛው ጠላት በኋላ ወደ ላይ ማየት ያቆማሉ። ‹ያው 2048 ነው› ይሉኛል። በዚያ ላይ ጠላቶቹ ወይ ወዲያው ይሞታሉ፣ ወይ ጭራሽ አይሞቱም። ምን ላስተካክል? ወደ ሱዶኩ (ባዶ ቦታዎችን ቁጥር ሳይደግሙ ወደሚሞሉበት እንቆቅልሽ) ልቀይረው? ቁጥሮቹን በግዕዝ ላድርጋቸው የሚል ሐሳብም አለኝ።»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። አትቀየማቸው። እንዲያውም ምሳ ጋብዛቸው። ብዙ ሰው «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብሎ ነው የሚሸኝህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክር። ጌሙን ክፈትና የስክሪኑን የላይኛውን ግማሽ በመዳፍህ ሸፍነው። ጀግናውም ጠላቱም አይታዩህ። እንደዚያው አምስት ደቂቃ ተጫወት። አጨዋወትህ ካልተለወጠ ውጊያው ጌጥ ነው ማለት ነው።

ይህን ፈተና ያገኘሁት ከታናሽ እህቴ ነው፤ እሷ ግን አታውቅም። የመጀመሪያዬን ጌም ሠርቼ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። አንድ ቀን ሶፋ ላይ ተጋድማ ስትጫወት አየኋት። ከላይ በትንሽ መስኮት ቪዲዮ ከፍታለች። ቪዲዮው የጋረደው ሦስት ሳምንት ሙሉ የሳልኩትን ዘንዶ ነው። ደረጃ 12 ደርሳለች። «ዘንዶው እንዴት ነው?» አልኳት። «የቱ ዘንዶ?» አለችኝ።

ችግሩ ከስዕሉ አይደለም። ከ2048 ከራሱ ነው የሚነሣው። ጌሙን የጻፈው ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2014፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ። ከእሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ትሪስ የሚባል ተመሳሳይ ጌም ወጥቶ ነበር። የትሪስ ሠሪዎች ከአንድ ዓመት በላይ ለፍተውበታል። በትሪስ ጡቦቹ (ቁጥር የተጻፈባቸው ካሬዎች) በአንድ ስዋይፕ፣ ማለትም ጣትህን ስክሪኑ ላይ አንዴ ስትገፋ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። ቀጥሎ የሚመጣው ጡብም አስቀድሞ ፍንጭ ይሰጥሃል። በ2048 ግን ጡቡ እስከ ግድግዳው ድረስ ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት 2048 ይበልጥ ልል ነው፤ አንድ ስልት ከያዝክ ሩቅ ይወስድሃል። ትልቁን ቁጥር ጥግ ላይ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ታችና ግራ፣ ታችና ግራ። ካልሄደ ቀኝ። ወደ ላይ በጭራሽ።

እጅ ብቻውን ይጫወታል ማለት ነው። ጭንቅላት ሌላ ቦታ ነው። ሰው 2048ን የሚወደውም ለዚህ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ሐሳቡን ያሳርፍበታል። ውጊያ ደግሞ የነቃ ጭንቅላት ይፈልጋል። አንተ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥካቸው እንጂ አላጋባሃቸውም።

እንቆቅልሽን ከውጊያ ጋር ያጋቡ፣ ከቁጥር ውጭ ያሉ ቀደምቶችን ብታያቸው ይጠቅምሃል። ፓዝል ኩዌስት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውስትራሊያ የወጣ ነው። ባለ ቀለም ድንጋዮችን ሦስት ሦስት አድርገህ ታሰልፋለህ። ዋናው ብልሃቱ ጠላትህም በዚያው ሰሌዳ ላይ በተራው መጫወቱ ነው። አንተ ያልወሰድከውን የራስ ቅል እሱ ይወስደውና በእሱ ይመታሃል። ስለዚህ ጠላቱን ሳታይ አንድም ድንጋይ አታነሣም። በ2012 የመጣው የጃፓኑ ፓዝል ኤንድ ድራጎንስ ደግሞ እያንዳንዱ ጠላት ላይ ቆጣሪ ያስቀምጣል። 3፣ 2፣ 1... ከዚያ ይመታሃል። አሁን የሞላልህን ትመታለህ ወይስ አንድ ተራ ትታገሣለህ? ውሳኔው የሚመጣው ከቆጣሪው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «ወይ ወዲያው ይሞታሉ፣ ወይ አይሞቱም» ያልከው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

በመጀመሪያው 2048 በየስዋይፑ አንድ አዲስ ጡብ ይመጣል። 90 በመቶ 2 ነው፣ 10 በመቶ 4። በአማካይ 2.2 መሆኑ ነው። ማዋሃድ በድምሩ ላይ ምንም አይጨምርም፤ 64 እና 64 ቢዋሃዱ ያው 128 ናቸው። ስለዚህ ተጫዋቹ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ የሰሌዳው ድምር በየስዋይፑ በ2.2 ያህል ነው የሚያድገው። 2048ን ለማየት ወደ 930 ስዋይፕ ይጠይቃል። ይህን ቁጥር ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንተ ምቱን የጡቡ ዋጋ አድርገኸዋል። 64 ለመሥራት 32 ሁለቶች ያስፈልጋሉ እንበል። 16 ጊዜ 4 ታወጣለህ፤ ድምሩ 64። 8 ጊዜ 8፤ እንደገና 64። 4 ጊዜ 16፣ 2 ጊዜ 32፣ መጨረሻ ላይ 1 ጊዜ 64። እያንዳንዱ ደረጃ እኩል 64 ያዋጣል፤ በጠቅላላው 320 ምት። ወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ስልኩ ላይ ግን ትንንሾቹ እንደ ካፊያ፣ ትልልቆቹ እንደ በረዶ ይወርዳሉ። ሁለት 256 ያለው ተጫዋች 300 ላይፍ (የሕይወት ነጥብ) ያለውን ጠላት በአንድ ስዋይፕ ይጨርሰዋል። ሁለቱን 256 ትናንት ማታ ያዋሃደ ተጫዋች ግን በ4 እና በ8፣ ቢበዛ በ32 እየቆረሰ ሠላሳ ምናምን ጊዜ ሊገፋ ነው። ጠላቱ ያው ነው፣ ላይፉም ያው ነው።

መፍትሔው ዋጋውን ትተህ ማዕረጉን መውሰድ ነው። 2 አንደኛ ማዕረግ ነው፣ 4 ሁለተኛ፣ 8 ሦስተኛ፤ እንዲህ እያለ 2048 አሥራ አንደኛ ይሆናል። ማዕረጉን በራሱ አባዛው። 4 ስትሠራ ምቱ 4 ነው፣ 8 ስትሠራ 9፣ 16 ስትሠራ 16፣ 64 ስትሠራ 36። ያችን 32 ሁለቶች እስከ 64 ብታደርሳቸው ጠቅላላው 286 ይመጣል፤ ከ320 ብዙም አልራቀም። ትልቁ ልዩነት ጫፉ ላይ ነው። 2048 የሚመታው 2048 ሳይሆን 121 ይሆናል። በአማካይ አንድ ስዋይፕ 10 ገደማ ይመታል። እንግዲህ አንድ ጠላት 15 ስዋይፕ ያህል እንዲቆይ ከፈለግህ 150 ላይፍ ስጠው። አሁን ጠላቶችህን በግምት ሳይሆን በሚዛን ትሠራቸዋለህ።

ማዕረጉን ሳታባዛ እንዳለ አትጠቀምበት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ያን ጊዜ ከጠቅላላው ምት ከሦስት አንዱ ያህል የሚመጣው 4 ከመሥራት ብቻ ነው። ትልቅ ቁጥር ለመገንባት ማንም አይደክምም።

ይህ የጠላቱን ዕድሜ ያስተካክልልሃል። መዳፉን ግን ገና አላስነሣንም። ለእሱ ቁጥሩ ራሱ መሣሪያ መሆን አለበት። እኔ የምወደው መንገድ ውርወራ ነው። ተጫዋቹ አንድ ጡብ ነካ ሲያደርግ ጡቡ ከሰሌዳው ተነሥቶ ጠላቱ ላይ ይወረወራል። ምቱ ከተለመደው ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 64 ከተወረወረ 108። ግን ጡቡ ሄደ፤ አይመለስም።

ምን እንደሚፈጠር በምሳሌ ልንገርህ። ጠላቱ 100 ላይፍ ቀርቶታል። ቆጣሪው 1 ላይ ነው። የሚመታህ 40 ነው፣ አንተ ያለህ 35። ጥግ ላይ 64 አለህ፤ አጠገቡ 32፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 8፣ በሥርዓት ተደርድረዋል። 64ን ብትወረውር ጠላቱ ይሞታል። ጥግህ ግን ባዶ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ስዋይፕ አንዲት ከንቱ 2 ልትገባበት ትችላለች። ያ ሁሉ ድርድር ሊናጋ ነው። ሰው እዚህ ላይ ስልኩን ወደ ፊቱ ጠጋ ያደርጋል። «ቆይ ቆይ» ይላል። እኔ ይህን «ቆይ ቆይ» ከሰማሁ ጌሙ ተሠርቷል እላለሁ።

የአርፒጂው ጣዕምም የሚገባው በዚህ በር ነው። ቀስተኛ ከሆንክ የዳር ጡቦች ሲወረወሩ ይበረታሉ። ጋሻ ጃግሬ ከሆንክ ጡቡን ወርውረህ ሳይሆን ወደ ጋሻ ቀይረህ ምት ትመክትበታለህ። ጎራዴ በ5 በመቶ ጨመረ፣ ጥሩር በ3 በመቶ ጨመረ የሚባለውን ዝርዝር ለጊዜው ተወው። ማንም አያነበውም።

ጠላቱም እጁን ሰሌዳው ላይ ይጫን። አንዱ ለሦስት ስዋይፕ የማይነቃነቅ ድንጋይ ይጣልበት። ሌላው ሌባ ይሁን፤ ትልቁን ጡብ በአራት ስዋይፕ ውስጥ ካላዋሃድከው ይዞት ይሮጣል። ሌላው ጥሩር ለብሷል፤ ከ16 በታች የሆነ ውህደት አይነካውም። አንዱ ደግሞ በስተግራ ቆሞ ወደ እሱ በገፋህ ቁጥር ይነክስሃል። ያችን የታችና ግራ ልማድ የሚሰብራት እሱ ነው።

ነገር ግን ሁሉም አስቀድሞ ይታይ። በ2019 ተጠናቆ የወጣው የካርድ ውጊያ ጌም ስሌይ ዘ ስፓየር ጠላቱ በሚቀጥለው ተራ ምን እንደሚያደርግ ከጭንቅላቱ በላይ በምልክት ያሳያል። ስንት እንደሚመታህ ጭምር። ገበጣ ተጫውተህ ከሆነ ነገሩ ይገባሃል። ገበጣ ተጫዋች ጠጠር ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ ይቆጥራል። ቆጥሮ የተሸነፈ ሰው «አንድ እንድገም» ይላል። ሳይቆጥር ድንገት የተነጠቀ ሰው ግን ገበጣውን ይገለብጠዋል። አንተም ያለ ማስጠንቀቂያ የሰው ጥግ ላይ ድንጋይ ከጣልክ ጌሙን ያጠፋዋል፤ አንድ ኮከብ ሰጥቶህ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሁለት ሞት። በ2048 ሰሌዳው ሲሞላ ትሸነፋለህ። በአርፒጂ ላይፍህ ሲያልቅ ትሸነፋለህ። ሁለቱንም ካስገባህ 80 ላይፍ ያለው ጀግና ድንገት ሰሌዳ ስለሞላ ብቻ ይሞታል። «ጀግናዬ ምን ሆኖ ሞተ?» የሚል መልእክት በቀን በቀን ይደርሰኝ ነበር። እውነትም መልስ አልነበረኝም። አንዱን አስቀር። ሰሌዳው ሲሞላ ጠላቱ አንድ ነጻ ምት ይምታና አራቱ ትንንሽ ጡቦች ይጥፉ፤ ጨዋታው ይቀጥል። የሚገድለው ጠላቱ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ 930 ስዋይፕ ልመለስ። ጀግናው በየምቱ ጎራዴ እየሰነዘረ 0.8 ሰከንድ የሚቆይ አኒሜሽን ሠርቼ ነበር። ሳየው ውብ ነው። 930 ጊዜ ሲደጋገም ግን 12 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጡብ ከቦታ ቦታ የሚንሸራተትበት ጊዜ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የውጊያው አኒሜሽን ደግሞ ጣትን በፍጹም አያስቁም። ተጫዋቹ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከገፋ ሦስቱንም ተቀበልና ወረፋ አስይዛቸው፤ ጀግናው ከኋላ ይድረስበት። ረጅሙን አኒሜሽን ለውርወራና ለቦሱ (ለመጨረሻው ትልቅ ጠላት) ሞት ብቻ አስቀምጠው።

በየስዋይፑ ሴቭ ማድረግም አትርሳ። እኛ ጋ ያለው ብዙ ስልክ ሜሞሪው ትንሽ ነው። ስልክ ሲደወል ጌሙ ከጀርባ ይዘጋል። የምታስቀምጠው 16 ቁጥር፣ ሁለት ላይፍና ቆጣሪው ነው፤ ምንም ቦታ አይወስድም። ከእነሱ ጋር የዕጣውንም ዘር (ቀጣዮቹ ጡቦች የሚወሰኑበትን መነሻ ቁጥር) አስቀምጥ። አለበለዚያ ቀጣዩ ጡብ ያልጣመው ሰው ጌሙን ዘግቶ እየከፈተ ጥሩ ጡብ እስኪመጣለት ያጭበረብርሃል። ያደርጉታል።

ሱዶኩን በተመለከተ መልሴ አትቀይረው ነው። ሱዶኩ ለውጊያ ከ2048 ይልቅ ያስቸግራል። የተለመደው አሠራር «በትክክል ከሞላህ ትመታለህ፣ ከተሳሳትክም ትመታለህ» ነው። ሁለተኛዋን አጥብቀህ አንብባት። እዚህ ውስጥ ምርጫ የለም። መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ተጫዋቹ ያገኘውን ይሞላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ቁልቁለቱ ነው። የሱዶኩ ጭንቅ መሐል ላይ ነው ያለው። አንዴ ቋጠሮው ከተፈታ የመጨረሻዎቹ ሃያ ባዶ ቦታዎች በራሳቸው ይሞላሉ። ቦሱ ሊሞት ሲቃረብ ነገሩ መክበድ ሲገባው እንደ ፎርም መሙላት ይቀላል። ሱዶኩ ግድ ካልክ 6 በ6 የሆኑ ትንንሽ ሰሌዳዎችን ተጠቀም፤ ለአንድ ጠላት አንድ። ምቱም በየቁጥሩ ሳይሆን አንድ ረድፍ ወይም አንድ ሳጥን ሲያልቅ ይሁን። ያን ጊዜ «የትኛውን ቀድሜ ልጨርስ?» የሚል ጥያቄ ቢያንስ ይኖራል።

ከቁጥር እንቆቅልሾች ሁሉ ለውጊያ የተፈጠረ የሚመስለኝ ማይንስዊፐር ነው፤ ያ ቁጥሮቹን አይተህ የተደበቁ ቦምቦችን የምትሸሽበት፣ ከ1992ቱ ዊንዶውስ 3.1 ጀምሮ የቢሮ ሰው ሁሉ ተደብቆ ይጫወተው የነበረው። በ2025 ዳንኤል ቤንሜርጊ የሚባል ጌም ሠሪ ያወጣውን ድራጎንስዊፐር ፈልገህ ተጫወተው። ቁጥሩ በዙሪያው ስንት ቦምብ እንዳለ አይነግርህም። በዙሪያው ያሉትን ጭራቆች ኃይል ደምሮ ነው የሚነግርህ። 7 ካየህ አንድ 7 ሊሆን ይችላል፣ ወይም 5 እና 2። ኃይሉ 5 የሆነን ጭራቅ ስትገድል 5 ላይፍ ትከፍላለህ። ፍንጩ፣ ጠላቱና ላይፍህ በአንድ ገንዘብ ነው የሚገበያዩት። በመዳፍህ የምትሸፍነው ግማሽ ስክሪን እንኳ የለውም። አንድ ምሽት ስጠው።

ስለ ኮዱ ባጭሩ። የቺሩሊ ኮድ በኤምአይቲ ፈቃድ ክፍት ነው። ከወሰድከው የፈቃዱን ጽሑፍ ከነስሙ ጌምህ ውስጥ አስቀምጥ።

ሚዛኑን ለመፈተሽ ደግሞ ጓደኞችህን አታድክም። ሁለት ቦት (ጌሙን በራሱ የሚጫወት ትንሽ ፕሮግራም) ጻፍ። አንዱ በዘፈቀደ ይግፋ፤ አብዛኛውን ጊዜ 128 አካባቢ ይቆማል። ሌላው ታችና ግራ ብቻ የሚያውቅ ይሁን። እያንዳንዱን ሺህ ጊዜ አዋጋቸው። የዘፈቀደው ቦት ሦስተኛውን ጠላት ካለፈ ጌሙ ቀሏል። የታችና ግራው ቦት ቦሱን ከገደለ ጠላቶችህ ገና ሰሌዳውን አልነኩትም።

የግዕዝ ቁጥሩ ሐሳብ ደስ ብሎኛል። ግን ተጠንቀቅ። ፪፣ ፬፣ ፰ ያምራሉ። ፲፮፣ ፴፪፣ ፷፬ም ይሄዳሉ። ከዚያ ፻፳፰ ይመጣል፣ ከዚያ ፪፻፶፮፤ ባለ አራት ፊደል። ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ደግሞ በትንሽ ጡብ ላይ ሁሉንም ወንድማማች ያስመስላቸዋል። ከ፲ በላይ በፍጥነት የሚያነብ ሰውም ብዙ አይደለም። አየህ፣ ማዕረጉ ግን ከ፩ እስከ ፲፩ ብቻ ነው። ጡቡ መሐል ላይ 64ን በተለመደው ቁጥር ጻፈው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ፮ን በግዕዝ እንደ ጦር ማዕረግ ለጥፍለት። ሰው ሳያውቀው ይለምደዋል። ሁሉንም በግዕዝ ካላደረግኩ ካልክ ደግሞ ፪፻፶፮ን አንድ ሴንቲሜትር ተኩል በሆነች ጡብ ላይ አስቀምጥና ስልክህን ይዘህ እኩለ ቀን ላይ ውጪ ውጣ። ብርሃኑን አትጨምር። ከተነበበህ አስገባው።